ለልዩ እንግዳ የተገዛው ሳህን

መምህርት ታደለች ከዋጫ ስትደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጀምረው በሳቅ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ስልኩን አንስቼ "ሄሎ" ብል ሳቋ አልመጣም። ኔትወርክ ነው ብዬ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

"እትዬ አስካለ አረፉ" አለችኝ። "ዛሬ ጠዋት። አንተ እዚያው ቦንጋ ተቀምጠህ መርዶው ከዋጫ ይምጣልህ?"

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን እሳቸው ራሳቸው "ውሸት የሚያምረው ሪፖርት ላይ ብቻ ነው" ይሉ ስለነበር እውነቱን ልናገር። መርዶውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ማልቀስ አልነበረም። ወደ ጓዳ ገብቼ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ሳህን አውርጄ፣ ተሰንጥቆ እንደሆነ አየሁ። አልተሰነጠቀም። ዙሪያው ሰማያዊ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

እትዬ አስካለን የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። ለማያውቃቸው ግን ከሥሩ ልጀምር።

ቦንጋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ መምህር ነበርኩ። ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ የቢሮ ግድግዳ ሁሉ ፈርሶ፣ ከመፍረስ የተረፈው ግድግዳ ላይ ደግሞ ራእይና ተልእኮ የተለጠፈበት ጊዜ። እትዬ አስካለ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነበሩ። የእሳቸውን ግድግዳ ሊያፈርሱ የመጡትን ሠራተኞች "እዚህ የተሰቀለው ቁልፍ ሁሉ የት ሊሰቀል ነው? አንገቴ ላይ?" ብለው አባረዋቸው ነበር። ግድግዳው መፍረሱ አልቀረም። እሳቸውም ቁልፎቹን በጥቁር ክር አስረው እውነትም አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏቸው፤ ጡረታ እስኪወጡም አላወረዷቸውም። ከሩቅ ሲመጡ የሚታወቁት በድምፃቸው ሳይሆን በቁልፎቻቸው ነበር።

አጭር ናቸው። ሰው የሚያዩት በመነጽራቸው ውስጥ ሳይሆን ከመነጽራቸው በላይ ነው። የሹራባቸው ኪስ ውስጥ መቀስ፣ ማኅተምና ጥቂት ከረሜላ አይጠፋም። አማርኛቸው የእኛው የቦንጋ አማርኛ ነው፤ በካፊኖኖ ታስቦ በአማርኛ የሚወጣ። ሲናደዱ ግን ጥርት ይላል። ሌላው ሰው ሲናደድ "አንተ" ማለት ይጀምራል፤ እሳቸው ሲናደዱ "እርስዎ" ማለት ይጀምራሉ። ዲኑ ይህን ስለሚያውቁ፣ "እርስዎ" የምትለዋ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ከመጣች የሚፈርሙትን ሳያነቡ ይፈርሙ ነበር። እኔን ሁልጊዜ "አንተ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ "እርስዎ" ብለውኛል፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ኮሌጁ በየዓመቱ የምርምር ጉባኤ ያዘጋጃል። ጉባኤ ለእኛ ለመምህራኑ ጥናት ነው። ለዲኑ ባነሩና ከክልል የሚመጡት የቢሮ ኃላፊ የሚቀመጡበት ሶፋ ነው። ለእትዬ አስካለ ወንበር ነው። "ማን ወንበር አግኝቶ እንደተቀመጠ ንገረኝ፤ ምን እንደተባለ ሳልሰማ እነግርሃለሁ" ይላሉ። የፕሮግራም ረቂቅ ይዘህ ስትሄድ ስለ ጥናቱ አንድም ነገር አይጠይቁህም። "የምታጠባ ሴት ብትመጣ የት ታጠባለች?" "ሙስሊሞቹ ስንት ናቸው? ሥጋቸውን ማን ያርድላቸዋል? ወይስ እንደ አምና ለስላሳ ጠጥተው ይመለሱ?" "እዚህ ጥግ ያስቀመጥከው ሰውዬ ሽንቱ ቢመጣ በየት ይወጣል? በቢሮ ኃላፊው ጉልበት ላይ?" እኛ እየሳቅን እንወጣለን። በማግስቱ ስንመጣ ወንበሩ ሁሉ ቦታ ተቀይሮ ይጠብቀናል።

አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ዓመት ጥናት ከሚያቀርቡት መካከል በክራንች የሚሄድ የቢታ ገነት መምህር ነበረ። እትዬ አስካለ ጉባኤው ታች ካፍቴሪያው ውስጥ ይሁን ብለው ማስታወሻ ጻፉ። ዲኑ በማስታወሻው ግርጌ "ሁለት ጎበዞች ተሸክመው ያወጡታል" ብለው መለሱላቸው።

በማግስቱ ዲኑ አዳራሹን ሊጎበኙ እንደወጡ፣ ታች አስቸኳይ ፊርማ ይፈለጋል ተባለ። ወረዱ። ፈርመው እንደወጡ ማኅተም መረሳቱ ተነገራቸው። ወረዱ። ቀጥሎ ስልክ ነበር፤ ሲደርሱ ተዘግቷል። ከዚያ እንግዳ መጥቶ ነበር፤ ሲደርሱ ሄዷል። በአምስተኛው ጊዜ ደረጃው መሐል ላይ ቆመው፣ ደረታቸውን ይዘው፣ "እትዬ አስካለ፣ ሁሉም ነገር ለምን ታች አይሆንም?" አሉ።

"ግሩም ሐሳብ ነው ጌታዬ" አሉ እትዬ አስካለ። ወረቀቱ በእጃቸው ነበር። "እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።"

ሪፖርቱ ላይ "በዲኑ አመንጪነት" ተብሎ ተጻፈ። የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ሌላ ዓመት ደግሞ ለውድድር የመጡት ጥናቶች ሁሉ አናት አናታቸው ተቆርጦ ለመራጭ ኮሚቴው ደረሱ። እስከዚያ ድረስ የሚመረጠው ወንድ ብቻ ነበር፤ ሴቶቹ ለቢሮ ኃላፊው እቅፍ አበባ ያበረክታሉ። ስሙ የት ሄደ ብለን ስንጠይቅ "አይጥ በልታው ነው" አሉን።

"ምን ዓይነት አይጥ ናት ስም ብቻ የምትበላው?" አልኳቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን መቀስ እያየሁ።

"የኮሌጅ አይጥ ናት። ማዕረግ ትወዳለች።"

ስም የሌለውን ወረቀት አንብበን ከመረጥናቸው ሦስት ጥናቶች አንዱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሆኖ ተገኘ። ያን ዓመት አበባ አበርካች ጠፍቶ እኔ አበረከትኩ። ለወንድ ልጅ አበባ ይዞ መቆም እንዲህ ያልባል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ይህ ሁሉ የሚያስቀው ነው። ሳህኑ የመጣው ጉባኤው ስለ ደን ቡናና ስለ ጫካ ማር በተዘጋጀበት ዓመት ነው።

ከአዲስ አበባ አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ጥናቱን ላከልን። ከስሙ ጎን ሌላ ስም አለ፤ አቶ ወዳጆ ይላል። ማዕረግ የለውም፤ የመሥሪያ ቤት ስም የለውም። ተመራማሪው እንደጻፈው የዛፎቹን ስም፣ ንቧ በየትኛው ወር የትኛው አበባ ላይ እንደምታርፍ ያስተማሩት እኚህ የቢታ ገነት ገጠር ሰው ናቸው። እሳቸው ካልተጋበዙ እኔም አልመጣም አለ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ለእኛ ለቦንጋ ልጆች ማስረዳቱ ቀላል አይደለም። አቶ ወዳጆ ማንጆ ናቸው። ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከጥንት ጀምሮ ከጫካው ጋር የኖሩ፣ ማርና እንጨት ከሰልም ወደ ገበያ የሚያመጡ ሰዎች ናቸው። ሌላው የካፋ ሰው፣ ካፊቾ የምንባለው፣ ከእነሱ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም፤ ቤቱም አያስገባቸውም ነበር። እኛም ቤት እንጨት ይዘው ሲመጡ ምግብ እንሰጣቸዋለን። ግን ደጅ ነው፤ ያውም በሳህን ሳይሆን ከጓሮ በተቆረጠ የኮባ ቅጠል ላይ። ቅጠል ተበልቶበት ይጣላል፤ ሳህን ግን ታጥቦ ወደ እኛ ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ እኩል ናቸው ይላል። በየስብሰባው እኛም እኩል ናቸው እንላለን። ምሳ ሲደርስ ግን ሁሉም እናቱ እንዳሳደገችው ነው።

አዘጋጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ።

"ይናገር፣ ይናገር! ምን ችግር አለ?" አሉ ዲኑ። "ደስ ይለናል። ተሳትፎ ነው። ምሳው ነው እንጂ..."

"ምሳው ምን ሆነ?" አሉ ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እትዬ አስካለ።

"ያው ያውቁታል እኮ።"

"አላወቅሁም ጌታዬ። ይንገሩኝና ልጻፈው።"

ዲኑ ወደ ጣሪያው አዩ። ሌሎቹም ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ያለ ይመስል ቀና አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ብልህ የሆንኩት። እጄን አወጣሁና አንድ አዲስ ሳህን ከገበያ ይገዛላቸው አልኩ። ለክብራቸው ነው ይባላል። ምሳውም ከአዳራሹ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ለብቻቸው ይቀርባል፤ ድካም እንዳይሰማቸው ነው ይባላል። ማንም አይከፋም፤ ሳህኑም ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ዲኑ ተነሥተው ሊያቅፉኝ ምንም አልቀራቸውም።

እትዬ አስካለ የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። "ብዛት" በሚለው ላይ "አንድ" ብዬ ጻፍኩ፤ "ለምን አገልግሎት" በሚለው ላይ ትንሽ አሰብኩና "ለልዩ እንግዳ" አልኩ። ከመነጽራቸው በላይ አነበቡት።

"ልዩ" አሉ። "ጥሩ ቃል ነው።"

ሳህኑን እኔው ራሴ ከገበያ ገዛሁት። ጽጌረዳ ያለበትን የመረጥኩት ሰውዬው ደስ እንዲላቸው ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ የግብዣ ደብዳቤውን በእጃችን እናድርስ ብለው በኮሌጁ መኪና ወደ ቢታ ገነት ይዘውኝ ሄዱ። አቶ ወዳጆ ከቤታቸው ደጅ ቀፎ እየጠገኑ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን አነበብንላቸው። በካፊኖኖ ነበር የምናወራው።

"መናገሩን እናገራለሁ" አሉ። "ምሳ ሲደርስ ግን እወጣለሁ።"

"ለምን ጋሽ ወዳጆ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ልጄ እዚያ ናት።"

ታደለች ማለታቸው ነው። የዛሬዋ መምህርት ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ነበረች፤ በጉባኤው ቀን ከአስተናጋጆቹ አንዷ ሆና ተመድባለች። "ኩባያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ እንደምትማር ታውቂያለሽ?" አሉ አቶ ወዳጆ። "የካፍቴሪያው ልጆች በሌላ ኩባያ ሻይ አይቀዱላትም። ሁለት ጊዜ ትምህርቷን ጥላ መጥታ ሁለት ጊዜ መልሼያታለሁ። እኔ አባቷ ከደጅ በቅጠል ስበላ ካየች ሦስተኛ መመለሻ የለኝም። ትቀራለች።"

እኔ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም፤ መፍትሔው በእጄ ነው። "አያስቡ" አልኳቸው። "አዲስ ሳህን ተገዝቶልዎታል።"

"ለእኔ?"

"ለእርስዎ ብቻ።"

ቀፏቸውን አዞር አዞር አድርገው አዩት። "እንግዲያማ" አሉ፣ "ቅጠሉ ቻይና ደርሶ መጣ።"

እትዬ አስካለ ሳቁ። እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ሲገባኝ ጆሮዬ ጋለ። እሳቸው ግን ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ ሳቁ ከፊታቸው ሳይጠፋ፣ "ጋሽ ወዳጆ፣ ደጅ አይበሉም። ለብቻዎም አይበሉም። ሳይበሉም አይሄዱም። ልጅቷም ታየዎታለች" አሏቸው። እንዴት አድርገው ሲሉ ጠየቋቸው። "እሱን ለእኔ ይተዉት" አሉ።

ስንመለስ፣ ቦንጋ ልንገባ ስንል ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ።

"እርስዎ በጣም ብልህ ሰው ነዎት" አሉኝ።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። የቢሮ ኃላፊው ንግግር ረጅም ነበር። እትዬ አስካለ ከአቶ ወዳጆ ጎን ተቀምጠው ያስተረጉሙላቸዋል። ኃላፊው ስለ ተሳትፎ፣ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት፣ ስለ ልማት ሠራዊት ብዙ ተናግረው ውኃ ሊጠጡ ቆም ሲሉ፣ እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። አቶ ወዳጆ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያን ሁሉ በዚህች?" አሉ ኃላፊው በማይክራፎን።

"ካፊኖኖ ቁጥብ ቋንቋ ነው ጌታዬ።"

አቶ ወዳጆ ሲናገሩ ግን እትዬ አስካለ አንዲት ቃል አላስቀሩም። ሽማግሌው ወረቀት የላቸውም። በጣታቸው እየቆጠሩ ወራቱን ከአበባ አበባ ዞሯቸው፤ የትኛው ዛፍ ሲቆረጥ የትኛው ማር እንደሚጠፋ ነገሩን። ከአዲስ አበባ የመጡት ምሁራን እስክሪብቶ ያነሡት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ታደለች ከኋላ በሩ ሥር ቆማ ነበር። ጥርሷን ነክሳ እንዳትስቅ ስትታገል አየኋት።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ካፍቴሪያው ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። በየወንበሩ ፊት ሳህን የለም። ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሰፋፊ የኮባ ቅጠል አለ። ለኃላፊው ቅጠል፣ ለዲኑ ቅጠል፣ ለዶክተሮቹ ቅጠል። ለስላሳው ከነጠርሙሱ ቀርቧል፤ ብርጭቆ የሚባል የለም።

ዲኑ ፊታቸው አመድ መሰለ። "እትዬ አስካለ!" አሉ በሹክሹክታ። "ሳህኑስ?"

"ዕቃ ቤቱ ተቆልፎበታል ጌታዬ።"

"ቁልፉስ?"

"ጠፋ።"

ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነበር። ከነጥቁር ክሩ፣ ከነዘለላው፣ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሲናገሩ ይንሿሿል። ዲኑ አዩት። እኛም ሁላችን አየነው። ግን ኃላፊው አጠገባቸው ቆመዋል፤ እንግዶቹም ካሜራቸውን አውጥተው "እንዴት ያምራል! እንዴት ያለ ባህላዊ መስተንግዶ ነው!" ይላሉ። ይህ ቅጠል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር፣ ለማን እንደምንሰጥበትም መናገር ሊኖርብን ነው። አንድ በአንድ ወንበራችንን ሳብን።

አቶ ወዳጆ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ታደለች በሁለት እጇ ቆጮ የተደረደረበትን ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ሽማግሌው መጀመሪያ ቅጠሉን ሲያዩ ፊታቸው ጨለመ። ከዚያ የኃላፊውን ቅጠል አዩ። የዲኑን ቅጠል አዩ። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ ሄዱበት። እትዬ አስካለን ዞረው ሲያዩ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

"አስካለ" አሉ በካፊኖኖ፣ "ቅጠሉ ዛሬ ሹመት አገኘ።"

ይህን ለእንግዶቹ አልተረጎሙላቸውም። አቶ ወዳጆ ገብተው በኃላፊውና በተመራማሪው መካከል ተቀመጡ። ልጃቸው መጥታ ቆጮና ሥጋ ወጥ አወጣችላቸው። ቀጥሎ ለኃላፊው፣ ቀጥሎ ለዲኑ፣ ከዚያው ትሪ፣ በዚያው እጇ። ኃላፊው የሩቅ አገር ሰው ስለሆኑ ምንም አያውቁም፤ "ይብሉ እንጂ ዲን! ምነው?" እያሉ ይገፋፋሉ። ዲኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲጎርሱ ግን ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር።

እኔም ተቀመጥኩ። ፊቴ ምንም የለም። ከጠረጴዛው ሁሉ ቅጠል የሌለበት የእኔ ቦታ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ከወጥ ቤቱ ወጡ። በሁለት እጃቸው፣ ታቦት እንደያዘ ሰው ቀስ ብለው እየተራመዱ፣ ጽጌረዳ ያለበትን ሳህን ከነምግቡ ይዘው መጥተው ፊቴ አስቀመጡት። በብብታቸው የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ነበረ።

"በአንተ ጥያቄ የተገዛ ነው" አሉ ጮክ ብለው። "ፈርመህ ተረከብ።"

ፈረምኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እንግዳ በሐዘኔታ "ሕመም አለብዎት?" አሉኝ። የለብኝም አልኳቸው። አላመኑኝም። በቀኜ ያለው እንግዳ ሳያስታውቅ ወንበሩን ትንሽ ሸሸት አደረገ። በእርግጥ ትንሽ ነው፤ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የዚያችን ስንዝር ስፋት እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሳህኑ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ያው የሌላው ምግብ ነው፣ ጽጌረዳውም ያምራል። አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም።

አቶ ወዳጆ ከማዶ አዩኝ። "ይኼን ልጅ ለምን ለየሽው?" አሏቸው እትዬ አስካለን።

"ራሱ ነው የጠየቀው" አሉ።

ሽማግሌው ቅጠላቸውን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረጉ። በእጃቸው ጠሩኝ። "ና ልጄ" አሉ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ብቻ አይበላም። ና፣ እዚህ ብላ።"

እዚህ ላይ ተነሥቼ ሄድኩ ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ጎረቤቶቼ ትዝ አሉኝ፣ ባልደረቦቼ ያዩኛል። እጄ ተነሥታ መሐል መንገድ ላይ ቀረች።

"ጠግቤያለሁ" አልኩ።

ታደለች ለስላሳ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሰምታኛለች።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። የሚገመገሙት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሌላ ጸሐፊ ስላልነበረ የራሳቸውን ግምገማ ቃለ ጉባኤ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው። አንዱ ባልደረባችን ተነሥቶ ሳህን ደብቀው ተቋሙን አዋርደዋል አለ።

"በምን አዋረድኩት?"

"እንግዳ በቅጠል አብልተው!"

"ቅጠሉ ቆሻሻ ነበረው?"

"አልነበረውም።"

"እንግዶቹ ከፋቸው?"

"አልከፋቸውም። ወደውታል።"

"ታዲያ በቅጠል መብላት የሚያዋርደው ማንን ነው?" እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ። "ይንገሩኝ፤ ቃል በቃል ልጻፈው።"

ጣሪያውን እንደገና አየን። እሳቸው ትንሽ ጠበቁና "ዝምታ ብዬ ልጻፍ?" አሉ። ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከክልል የመጣውን ደብዳቤ አነበቡ፤ ኮሌጁ ላሳየው "ከብክነት የጸዳ ባህላዊ መስተንግዶ" ምስጋና ይድረሰው ይላል። ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። ከስብሰባው ሲወጡ እትዬ አስካለ ደረታቸውን ዳበስ አደረጉና "ውይ፣ ቁልፉ እዚህ ነበር ለካ!" አሉ።

በአንድ ምሳ አገር አይለወጥም። በማግስቱም ቅጠሉን ከየጓሮው የሚቆርጥ ሰው ነበረ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የለም አልልም። በኮሌጃችን ግን በሚቀጥለው ጉባኤ ሳህኑ ወጥቶ አቶ ወዳጆ ከሌላው ሰው ሳህን በአንዱ በሉ። ዲኑ ራሳቸው ናቸው ያቀበሏቸው። ታደለችም ኩባያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ከካፍቴሪያው ኩባያዎች ጋር ደረደረችው፤ የቱ የእሷ እንደነበረ ከዚያ በኋላ ማንም አላወቀም። ትምህርቷን ጨርሳ ዋጫ ተመደበች።

ሳህኑ በስሜ ቀረ። በየዓመቱ ሰኔ ንብረት ሲቆጠር እትዬ አስካለ ወንበሬን፣ ጠረጴዛዬን ይቆጥሩና በመጨረሻ "ሳህኑ አለ?" ይሉኛል። "አለ።" "አልተሰነጠቀም?" "አልተሰነጠቀም።" ምልክት አድርገው ይሄዳሉ። አንድ ሰኔ ላይ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው፤ ያን ሁሉ ሰው ትተው ለምን እኔን?

"ጅል ይነገረዋል" አሉኝ። "ብልህ ግን ካልቀመሰ አይገባውም።"

ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሁሉንም ዕቃ አስረክበው የእኔን ሳህን ከመዝገቡ ሰረዙት። ደስ አለኝ፤ ተፈታሁ ብዬ። ቀና ብለው አዩኝና "ከመዝገቡ ነው የሰረዝኩት" አሉ። ገበያ መሐል ባገኙኝ ቁጥር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከሰላምታው በፊት የሚጠይቁኝ ያችኑ ነበር።

ረቡዕ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ አልነበረም። ክራንች የያዘው የቢታ ገነት መምህር ከፊት ተቀምጧል። የድሮው ዲናችን አርጅተው ከዘራ ይዘው ታች ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ለብቻ የተሠራላቸው ምግብ እየቀረበላቸው ነው፤ እትዬ አስካለ ከመሞታቸው በፊት ለእድሩ ሰዎች በዝርዝር አዝዘው እንደነበር ሰማሁ። ወንበሩ እንዴት እንደሚደረደርም ጭምር።

ሳህኑን ከነጋዜጣው በጃኬቴ ሥር ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። የሚቆጥረው ሰው ሞቷል፤ ማስረከቢያ የለውም። ጥግ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣውን ፈታሁና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ታደለች ከሚያስተናግዱት ጋር ነበረች፤ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ትሪ ይዛ እየዞረች። እኔ ጋ ስትደርስ ሳህኑን አየችው። ቆመች። ዓይኗ ያበጠ ነው፣ ግን አፏ ዳር የአባቷ ሳቅ መጣ። አቶ ወዳጆ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ሳህኑን ከጉልበቴ ላይ አነሣችው፤ ጽጌረዳው እስኪሸፈን ድረስ ቆጮና ወጥ አደረገችበት። ትሪውን ለሌላ ሰው አቀበለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ሳህኑን በመካከላችን አደረገችው፤ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደችና ቆም ብላ አየችኝ።

"ያኔ ጠግቤያለሁ ብለህ ነበር" አለችኝ። "ዛሬስ?"

"ርቦኛል" አልኳት።